ጭንቅላት በጭንቅ ሰዓት ስንት ይይዛል?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጎንደር አገር መጥተው በእስራኤል፣ በአፉላ ከተማ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር የሚኖሩ፣ ኦሪቱን ከቤተ እስራኤል ቄሶች የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ፣ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ክርክሩ የተነሣው፣ ሰው በጥድፊያ ሰዓት ከአራት የበለጠ አዲስ ነገር በሐሳቡ ይዞ ሊወስን አይችልም ብላ በመናገሯ ነው።

ሽማግሌው፦ አራት ብቻ? ይህንንስ አልቀበልሽም ልጄ። በወገራ፣ በደምቢያ፣ በስሜን የነበሩ ቄሶቻችን የበዓል ጸሎት ሲያደርሱ ሌሊቱን ሙሉ በቃላቸው ነበር፤ አንድ ሐረግ አይዘልሉም። ብራና ውድ ነው፤ ኦሪት ያለው መንደር የታደለ መንደር ነው፤ ስለዚህ ግእዙ የሚያዘው በጆሮ እየተሰማ ነበር። በክርስቲያኖቹም በኩል ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣው፣ መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ አንዴ ሰምቶ የሚቀበለው ተማሪ ስንት ነበር! እነዚያ ሰዎች ከእኛ የተለየ ጭንቅላት አልተሰጣቸውም። የልጁን ስልክ ቁጥር በቃሉ የማያውቅ የዛሬ ሰው ነው «ትውስታ አጭር ናት» እያለ ለስንፍናው ማስረጃ የሚፈልግ የሚመስለኝ።

ነርሷ፦ የቄሶቹን አልክድም ጋሼ። ግን ጎተራና ምጣድ አንድ አይደሉም። ጎተራው የዓመት እህል ይይዛል፤ ምጣዱ ላይ የሚጋገረው ግን በአንድ ጊዜ አንድ እንጀራ ነው። ጸሎቱ በብዙ ዓመት ድግግሞሽ ጎተራው ውስጥ የገባ ነው፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን እየሳበ ይወጣል። እኔ የማወራው አሁን የተሰማውን ነገር ለጥቂት ሰከንድ ይዞ፣ ከሌላው ጋር አመዛዝኖ፣ «እንዲህ ላድርግ» ስለሚለው ክፍል ነው፤ የአጭር ጊዜ ትውስታ ስለሚሉት። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው፣ ቢበዛ ሁለት ይጨምራል፣ ቢያንስ ሁለት ይቀንሳል አለ። ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 የነበሩትን ጥናቶች አሰባስቦ ሲመረምር፣ ሰውየው በልቡ እየደጋገመ እንዳያጠናና ነገሮቹን እንዳያቧድን ከተደረገ ቁጥሩ ወደ አራት እንደሚወርድ አሳየ። የባሰም አለ። በ1959 ፒተርሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ለተማሪዎች ሦስት ፊደል ብቻ ሰጥተው፣ ወዲያው ሦስት ሦስት እየቀነሳችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ አሏቸው። ከ18 ሰከንድ በኋላ ፊደሎቹ በትክክል የተመለሱት ከአሥር አንድ ጊዜ እንኳ በማይሞላ ነው። ሦስት ፊደል! ያጠፋቸው ጊዜው ብቻ አይደለም፤ መሐል የገባው ሥራም ነው።

የቄሶቻችንን ችሎታ ጭምር የሚያስረዳ ሌላ ሙከራ ልንገርዎ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ከአንድ ዓመት በላይ ተለማምዶ፣ ከሰባት አሃዝ ተነሥቶ ወደ 80 የሚጠጋ አሃዝ አንዴ ሰምቶ መድገም ቻለ፤ ውጤቱ በ1980 ታትሟል። ልጁ ሯጭ ስለነበር አሃዞቹን እንደ ሩጫ ሰዓት እያሰበ፣ ሦስት አራቱን በአንድ እየቋጠረ ነበር የሚይዛቸው። በአሃዝ ፋንታ ፊደል ሲጠሩለት ግን ወደ ስድስት ወረደ። ያ ሁሉ ልምምድ የሞላው ጎተራውን ነው፤ ምጣዱ አልሰፋም።

ሽማግሌው፦ ይሁን። እንግዲያው መድኃኒቱ ጎተራውን መሙላት ነው፤ ይህን ደግሞ ድሮም እናውቀዋለን፣ ትምህርት ይባላል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከብደኛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢት 2011 የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውሰጂ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ቢሆንም ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። መሪውን የያዘው ጀማሪ አልነበረም። ትምህርቱ ካለ፣ ልምዱ ካለ፣ በዚያ ጠዋት የጎደለው ምንድን ነው?

ነርሷ፦ መጋቢት 1 ቀን ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከቢሾፍቱ አጠገብ ቱሉ ፈራ በሚባል ቦታ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። እስቲ እነዚያን ደቂቃዎች ከአብራሪዎቹ ወንበር ላይ ሆነን እንያቸው። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ፣ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው የግራ ሴንሰር ተበላሸ፤ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ የግራው ከ74 በላይ ይላል። በዚህ የተነሣ የካፒቴኑ መሪ «ፍጥነትህ አንሷል፣ ልትወድቅ ነው» ለማለት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ገደማም አላቆመም። የግራውና የቀኙ የፍጥነትና የከፍታ ንባብ ተለያየ። ቀጥሎ ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም ያንኑ የተበላሸ ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ደፈቀ። ወደ መሬት እየወረድክ ነው የሚል የማሽን ድምፅ ተጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ፍጥነቱ ሲያይል የፍጥነት መብዛት ማስጠንቀቂያ መንጫጫት ያዘ። ልብ ይበሉ ጋሼ፣ እጃቸው ላይ ያለው መሪ ፍጥነት አንሷል ይላል፤ ጆሯቸው ውስጥ ያለው ድምፅ ፍጥነት በዝቷል ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ለየብልሽቱ አብራሪ በቃሉ የሚያውቀው ዝርዝር አለ። የፍጥነት ንባብ ሲዛባ የሚደረግ አለ፤ የጭራው አግድም ክንፍ ከቁጥጥር ውጭ ሲሄድ የሚደረግ ሌላ አለ። ሁለቱንም ተምረዋል። ግን ከሁለቱ የትኛውን ላውጣ ብሎ ለመምረጥ ራሱ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታው ደግሞ በመንቀጥቀጡ፣ በጩኸቱ፣ መሪውን በጉልበት በመሳቡ፣ ከማማው ጋር በመነጋገሩ ተይዟል። ያም ሆኖ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ፣ የ25 ዓመት ልጅ፣ ኤምካስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደፈቀ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ ዘለል ባለ ጊዜ ትክክለኛውን ማጥፊያ በስሙ ጠራ፤ ካፒቴኑ ተስማማ፤ አጠፉት። በዚያ ሁካታ ውስጥ ይህን ያገኘ ሰው ሰነፍ አይባልም። የቀረው በእጅ የሚዞረውን ጎማ አዙሮ የጭራውን ክንፍ መመለስ ነበር። ጎማው ግን አልዞር አለ፤ በዚያ ፍጥነት የነፋሱ ጫና ቆልፎታል። ፍጥነቱ ለምን በዛ ቢሉ፣ የሞተሮቹ ኃይል ለመነሻ እንደተሰጠው ስለቆየ ነው። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ።

ሽማግሌው፦ እኔም ወደዚያው ልመጣልሽ ነበር። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በ2022 መገባደጃ ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎችም አስተያየት ጽፈዋል። ኤምካስን ነጻ አላወጡም፤ የአብራሪዎቹ ድርሻ ግን በበቂ አልተመረመረም አሉ። አንዱ ነጥባቸው ይኸው የሞተሩ ኃይል ነው። ለመቀነስ አንድ እጅ ነው የሚፈልገው። አንቺ ለወገን እያደላሽ እንዳይሆን፣ ረስተዋል እንበልና እንለፍ? ወይስ «አራት ነገር» እያልን ለጥፋት ሁሉ ምክንያት ልናበጅለት ነው? እንዲህ ከሆነማ በዓለም ላይ ተጠያቂ የሚባል ሰው አይኖርም።

ነርሷ፦ ኃይሉ አልተቀነሰም፤ ነጥቡ ትክክለኛ ነው፤ መመርመርም ነበረበት። «ረሱት» ብሎ ማቆም ግን ምርመራ አይባልም። አራት በሚይዝ ቦታ ላይ ሰባት ነገር ከተጫነ የሆነ ነገር መውደቁ አይቀርም። የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ የማይጮኸው ነው። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ማስጠንቀቂያው ይንጫጫል፣ አፍንጫው ይደፈቃል፤ እነዚህ ሁሉ «እኔን እዩኝ» ይላሉ። የሞተሩ እጀታ ግን በነበረበት ዝም ብሎ ተቀምጧል። ድንጋጤውንም ይጨምሩበት። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተን ለብዙ ዓመታት እንዳጠናችው፣ ሰው ሲደነግጥ አንጎል ውስጥ የሚለቀቁት ንጥረ ነገሮች ሐሳብን የሚይዘውን የፊት ክፍል ያደክሙታል፤ የለመደውን ነገር ሳያስብ የሚያስደርገውን ክፍል ደግሞ ያጠናክሩታል። ስለዚህ በጭንቅ ሰዓት አራቱም ሙሉ አራት ሆነው አይቆዩም።

ተጠያቂ አይኖርም ያሉትን ግን አልስማማበትም። ተጠያቂው ጊዜ የነበረው ሰው ነው። የአውሮፕላኑ ሠሪ ቦይንግ ኤምካስን ሲያወጣ አብራሪው በ4 ሰከንድ ውስጥ ችግሩን ለይቶ እርምጃ ይወስዳል ብሎ ገምቶ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በመስከረም 2020 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በራሱ በኩባንያው ሙከራ አንድ አብራሪ ከ10 ሰከንድ በላይ ወስዶበት ውጤቱ አውሮፕላን የሚያጠፋ ሆኖ ተመዝግቧል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም፣ ያው በኋላ የአብራሪዎቹን ድርሻ መርምሩ ያለው፣ በመስከረም 2019 ግምቱ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ሰው ላይ የሚያደርሰውን አላሰበም ብሏል። ከሁሉ የሚገርመኝ መሐል ላይ ያለው ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ በዚሁ ምክንያት ከወደቀ በኋላ፣ ማሽኑ እስኪታረም አውሮፕላኖቹ አልቆሙም፤ ይልቅ ለአብራሪዎች ይህን ዝርዝር አስታውሱ የሚል መመሪያ ወጣ። በሰው ራስ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ ማለት ነው። በቢሮ ወንበር ላይ አራት ወር የነበረው ሰው ሸክሙን ለስድስት ደቂቃ ሰው አስተላለፈው። ታዲያ ሚዛኑ ወዴት ሊያጋድል ነው?

ሽማግሌው፦ ይህንንስ ተናግረሽዋል። አሁን ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ከራስ ላይ አውርዱ ካልሽ ወደ ወረቀት ልታወርጂው ነው። ወረቀቱ ከበዛ ሰው አእምሮውን ትቶ ወረቀት ያያል። ድሮ ወጌሻው በእጁ ዳስሶ የሚያውቀውን፣ ሐኪሙ ፊት አይቶ የሚለየውን፣ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ምልክት እያደረገ ቀና ብሎ ሰውየውን አያየውም። ሰውን ማሽን አድርጎ ማሽኑን ማመን ነው እንዴ መፍትሔው?

ነርሷ፦ ይህን ተቃውሞ በዚሁ አገር ከሰባ ዓመት በፊት ያነሡት ነበሩ። ዳንኤል ካህነማን፣ በ2002 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በእስራኤል ጦር ውስጥ የ21 ዓመት መኮንን ሳለ ምልምሎችን ለየክፍሉ የሚመድበውን ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ከወጣቱ ጋር ብዙ ተጫውተው በመጨረሻ አንድ ጠቅላላ ግምት ይሰጡ ነበር፤ ግምቱ አይሠራም። እሱ ስድስት ጠባይ ለይቶ፣ አንዱን ጠይቃችሁ ነጥብ ሳትሰጡ ወደሚቀጥለው አትለፉ አላቸው። ዘዴው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነጥቡ እንደተሰጠ ከራስ ላይ ይወርዳል፣ ቀጣዩ በባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ጠያቂዎቹ ሮቦት ልታደርገን ነው ብለው ተቆጡ። እሱም ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልጁን እንደ ወታደር አስቡትና የልባችሁን ነጥብ ስጡ አለ። ሲመዘን የስድስቱ ድምር ከድሮው ግምት በጣም የተሻለ ሆነ፤ የሚገርመው፣ ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠውም ነጥብ ከድምሩ አላነሰም። የልብ ግምት አልተሻረም፤ ተራው መጨረሻ ላይ ሆነ እንጂ። ወጌሻው በእጁ የሚያውቀውን ማንም አይቀማውም።

ወረቀት ብቻውን ያድናል ግን አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ሲታተም፣ የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። በ2014 ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ ቼክሊስቱ በግዴታ ከገባ በኋላ 101 ሆስፒታሎች ተመርምረው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው አይገባም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ቆም ብለው እንዲነጋገሩ ካደረጋቸው ሸክም ያወርዳል፤ ምልክት አድርገህ አስረክብ ከሆነ ግን ሌላ አንድ ሸክም ጨመረ። በኢየሩሳሌም ሃዳሳ ሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተጠንቶ በ1995 የወጣው ውጤት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ለአንድ ሕመምተኛ በቀን በአማካይ 178 ነገር ይደረግለታል፤ ስሕተቱ በቀን 1.7 ነው። ይህ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሰዎቹ የተካኑ ናቸው። ነገር ግን ሐኪምና ነርስ በቃል የተነጋገሩበት ከሥራው ሁሉ 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከስሕተቶቹ 37 በመቶው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነበር። በአየር ላይ የተነገረ ነገር የሚያርፈው በዚያችው ጠባብ ቦታ ነው፤ ሌላ ሰው ከኋላ ከጠራህ የለም። ለዚህ ነው በጥድፊያ ሰዓት የመድኃኒቱ ስምና መጠን ሲታዘዝ ተቀባዩ ጮክ ብሎ መልሶ የሚናገረው፤ አዛዡም «አዎ» እስኪል መርፌው የማይሰጠው። ዕብራይስጡን በልቡ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚሰማ ሰው ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ራሱ ከአራቱ አንዱን ይወስድበታል፤ ትልልቆቻችን ከሐኪም ክፍል ሲወጡ ግራ የሚገባቸው ስላልገባቸው አይደለም፣ አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ስለተነገራቸው ነው።

ሽማግሌው፦ ቆይ፣ ይሄ መልሶ መናገር ያልሽው አንድ ነገር አስታወሰኝ። ኦሪታችን መሳፍንትን ይጨምራል። የምድያም ሠራዊት የሰፈረው ከዚሁ ከቆምንበት ከሞሬ ኮረብታ አጠገብ፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ጌዴዎን ከ32,000 ሰው 300 ብቻ አስቀርቶ በሌሊት ሲወርድ ለሰዎቹ የሰጠው ትእዛዝ ምን ያህል አጭር እንደሆነ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር። በሦስት ከፈላቸው፤ ለያንዳንዱ ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮ፣ በማሰሮው ውስጥ ችቦ አስያዘ፤ ከዚያ እኔን እዩ፣ እንደማደርገው አድርጉ አለ። ማን በየት ይግባ፣ ስንት ነፍስ ይምታ፣ ወዴት ይሽሽ የሚል የለም። መለከቱን ነፉ፣ ማሰሮውን ሰበሩ፣ ጮኹ፣ በያሉበት ቆሙ። ሁለት እጃቸው ተይዟልና ሌላ ልጨምር ቢሉም አይችሉም። ጨለማ ነው፣ ሰዎቹ ፈርተዋል፤ ጌዴዎን ይህን አውቆ ያዘዘ ይመስለኛል።

ነርሷ፦ በሌላኛው ወገን የሆነውን ደግሞ ይዩት። ጥበቃው ገና የተለወጠበት ሰዓት ነው፤ ግማሹ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቷል፣ ግማሹ ሊተኛ ነው። ከሦስት አቅጣጫ መለከት፣ የሚሰበር ሸክላ፣ እሳት፣ ጩኸት። ማን ጠላት ማን ወገን እንደሆነ ለመለየት ጊዜም ቦታም አልቀረም፤ ሰይፋቸው በእርስ በርሳቸው ላይ ሆነ። ጌዴዎን የሰዎቹን ራስ አቀለለ፤ የጠላቱን ራስ ሞላው። ተአምሩን ለመቀነስ አይደለም ይህን የምለው።

ሽማግሌው፦ እንዳትቀንሺውማ! እንግዲህ ወደ ሕንፃችን ጉዳይ እንምጣ። በመስከረም 2024 ከሊባኖስ ሮኬት ወደ አፉላ ሲተኮስ አዛቃው፣ የአደጋው ማስጠንቀቂያ፣ ሌሊትም ቀንም ይጮህ ነበር። ለሕንፃችን ትልልቅ ሰዎች በአማርኛ ማስታወቂያ ጽፌ መግቢያው ላይ ልለጥፍ አስቤ ያዘጋጀሁት ይኸው። ጋዝ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ቴውዳት ዜሁት (መታወቂያ) ያዙ፣ መድኃኒት ያዙ፣ ውኃ ያዙ፣ ጫማ አድርጉ፣ ጎረቤት አንኳኩ፣ ለልጆቻችሁ ደውሉ፣ ሊፍት አትጠቀሙ፣ ወደ ሚክላጥ (መጠለያ) ውረዱ፣ በሩን ዝጉ፣ ውጡ ሳይባል አትውጡ። የትኛው ነው ውሸት? ሁሉም የሚያስፈልግ ነው።

ነርሷ፦ ሁሉም ያስፈልጋል፤ በአንድ ሰዓት ግን አይደለም። አሥራ ሁለት ነገር ጽፈዋል። መታወቂያ፣ መድኃኒት፣ ውኃ፣ ጫማ የዛሬ ሥራ ነው፤ ማታ በቦርሳ ተዘጋጅተው በር አጠገብ ይቀመጡ፤ በዚያ ሰዓት ከራስ ላይ ወርደዋል። ጎረቤቱን ማን ያንኳኳል የሚለውም አሁን በስም ይወሰን፤ «ጎረቤት አንኳኩ» ካሉ ወይ ሁሉም ያንኳኳል ወይ ማንም አያንኳኳም። ሲጮህ የሚነበበው ሦስት ይሁን፤ ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ ውጡ እስኪባል ቆዩ። ፊደሉም ያለ መነጽር የሚታይ ይሁን።

ሽማግሌው፦ ስልኩንስ? እናቶቻችንን አታውቂያቸውም? የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ከደጃፍ አይነቃነቁም። ይህን ከወረቀት ብትፍቂው ከልባቸው አትፍቂውም።

ነርሷ፦ እውነትዎን ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ለእነሱ ብቻ አይጻፍ። ለልጆቹም ይነገር፤ አዛቃ ሲሰሙ ወደ እናታቸው እንዳይደውሉ፣ ከሚክላጥ ስትወጣ እሷ እንደምትደውል አስቀድመው ይስማሙ። አለዚያ ደረጃው መሐል ላይ ስልኩ ይጮሃል፤ ስልክ ደግሞ እንደ መሪው መንቀጥቀጥ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ያስጥላል።

ሽማግሌው፦ ይህ ይሁን። አንድ ግን ቀረሽ። የእኛ ሕንፃ አሮጌ ነው፤ ማማድ፣ በየቤቱ ያለው የተጠናከረ ክፍል፣ ግዴታ ከመሆኑ በፊት የተሠራ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሦስት አድርጊው፣ አንድ አድርጊው፣ አዛቃው ጮሆ እስኪያበቃ ሁለት ፎቅ አይወርዱም። በእሳቸው ራስ ውስጥ ምንም የጠፋ ነገር የለም።

ነርሷ፦ ለእሳቸው ማስታወቂያ አይሠራም፤ ጉዳዩ የትውስታ ሳይሆን የኮንክሪት ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው ቤት ይለውጥላቸው እንደሆነ የሕንፃውን ኮሚቴ እንጠይቅ፤ ማዘጋጃ ቤቱም በየፎቁ መጠለያ ስለማጠናከር ምን እንደሚል በጽሑፍ ይመልስልን። ደብዳቤውን እኔ በዕብራይስጥ እጽፈዋለሁ፤ ፊርማ መሰብሰቡ የእርስዎ ነው።